እምነቱ በማን ሒሳብ ነው? የአንድ ቤተ ክርስቲያን ማስተዳደሪያ ፕሮግራም ግምገማ

ይህን የምጽፈው በአጥቢያቸው ገንዘብ ያዥ ለሆኑ ሰዎች ነው፤ በተለይም «አንቺ ሒሳብ ትችያለሽ» ተብለው እሺም እንቢም ሳይሉ ለተሾሙ። የምገመግመው የቤተ ክርስቲያን ማስተዳደሪያ ፕሮግራም ነው። አስራትና መባ ይመዘግባል፣ ወጪን በየርዕሱ ይለያል፣ የሚቀጥሉትን ወራት ገቢ ይተነብያል፣ የአገልጋዮችን ተራ ያወጣል። በስልክም በኮምፒውተርም ይከፈታል፤ ክፍያው በዓመት ነው። ስሙን አልጠራም። የምወቅስበት ነገር አለኝ፤ ወቀሳው ደግሞ በእርሱ ላይ ብቻ የሚያርፍ አይደለም፣ ብዙዎቹ አቻዎቹም ይጋሩታል።

ከመግዛታችን በፊት ሽማግሌዎቹ ለሁለት ተከፍለው ነበር። አንደኛው ወገን «እግዚአብሔር የሚያዘጋጅለት ቤት የገቢ ትንበያ ምን ያደርግለታል?» ይላል። ሌላኛው ሉቃስ 14ን ገልጦ፣ ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ኪሳራውን እንዲቈጥር ጌታ ራሱ ተናግሯል ይላል። ሁለቱም ጥቅስ አላቸው፤ ሁለቱም ደረሰኝ ሲጠየቁ ያኮርፋሉ። እኔ መሐል ተቀምጬ ቃለ ጉባኤ እጽፋለሁ። ፕሮግራሙን ስንጠቀምበት ከቆየን በኋላ ግን መታመንና መቁጠር ያን ያህል የሚጣሉ ሆነው አላገኘኋቸውም። ይበልጥ ያሳሰበኝ ሌላ ነው፦ «በእግዚአብሔር ታምነን እንጀምረው» ስንል የምናስይዘው የማንን ገንዘብ፣ የማንን ደመወዝ፣ የማንን ጉልበት ነው? ፕሮግራሙን የምመዝነው በዚህ ነው።

ከምዝገባው ልጀምር፤ የተሻለው ክፍል ይህ ነው። የእሁዱ ገንዘብ ተቆጥሮ ሲገባ ሁለት ሰዎች በየራሳቸው የይለፍ ቃል ገብተው ካላጸደቁት መዝገቡ አይዘጋም። አንዴ ከተዘጋ መሰረዝ የለም። ስህተት ከተገኘ ማስተካከያ ይጻፋል፤ የጻፈው ሰው ስምና ሰዓቱም ከጎኑ ይቀራል። ይህ የዘመኑ ግኝት እንዳይመስላችሁ። በ2ኛ ነገሥት 12 ኢዮአስ በነገሠ በ23ኛው ዓመት ካህናቱ የቤተ መቅደሱን ፍራሽ ገና አላደሱም ነበር፤ ገንዘቡን ግን ሲቀበሉ ኖረዋል። መፍትሔ ሆኖ የመጣው መክደኛው የተነደለ ሣጥን ነው። ሣጥኑ ውስጥ ብዙ ገንዘብ ሲገኝ የንጉሡ ጸሐፊና ታላቁ ካህን አብረው ይቆጥሩታል። ካህኑ ዮዳሄ ምን ያህል የታመነ ሰው እንደነበረ ከፊተኛው ምዕራፍ ጀምሮ ያነበበ ያውቃል፤ እርሱም ቢሆን ብቻውን አልቆጠረም።

(እዚያው ምዕራፍ ላይ ለሠራተኞቹ እንዲከፍሉ ገንዘቡን የተቀበሉት ሰዎች በታማኝነት ይሠሩ ስለነበር ሒሳብ እንዳልተጠየቁ የሚናገር ቁጥር አለ። አንድ ሽማግሌያችን ደረሰኝ በጠየቅኋቸው ቁጥር እርሱን ይጠቅሱልኛል። እኔም «የአናጺና የግንበኛ ከፋይ የሆኑ ቀን አስብበታለሁ» እላቸዋለሁ።)

ቀጥሎ ያለው ክፍል ደግሞ ለብቻው የዓመቱን ክፍያ ያዋጣል። ባንክ ያለን አንድ ሒሳብ ነው፤ ፕሮግራሙ ግን ያንን አንድ ድምር እንደ ሰጪዎቹ ፈቃድ ይከፋፍለዋል። ለጣሪያ የተሰጠው፣ ለችግረኞች የተሰጠው፣ ለወንጌል ሥራ የተሰጠው፣ ለማንኛውም አገልግሎት የተሰጠው እያንዳንዱ በየስሙ ይታያል። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን ይወጣሉ፦ በባንክ ያለውና ያለ ገደብ ልናወጣው የምንችለው። በመጀመሪያ ቀን ሁለቱ ሲታዩ ክፍሉ ጸጥ አለ። በባንክ ያለው ደህና ነበር። ልናወጣው የምንችለው ግን ከእርሱ በጣም ያነሰ ነው።

ይህን የማያውቅ ገንዘብ ያዥ የለም። ገቢ የሳሳበት ወር ይመጣል፤ የመብራትና የኪራይ ክፍያ ይደርሳል፤ ለጣሪያ የተዋጣው ገንዘብ ባንክ ተቀምጧል። አንድ ሰው ይነሣና «ለጊዜው ከእርሱ እንጠቀም፣ እግዚአብሔር ሲሰጥ እንመልሰዋለን» ይላል። አባባሉ የእምነት ነው፤ ሥራው ግን ብድር ነው። አበዳሪዎቹ አልተጠየቁም፤ ማበደራቸውንም አያውቁም። ከእነርሱ መካከል ዝናብ በመጣ ቁጥር የሚያፈስሰውን ጣሪያ እያየች ካላት ላይ ቆርሳ የሰጠች ሴት ትኖራለች። የእርሷን ስጦታ ለኪራይ አውለን «በእምነት አለፍነው» ብለን ብንመሰክር፣ በእምነት ያለፈችው እርሷ ናት፤ ያውም ሳታውቀው። ፕሮግራሙ እንዲህ ያለውን ዝውውር ስትሞክሩ ያቆማችሁና ምክንያት ያስጽፋችኋል፤ የጻፋችሁትም ምክንያት በዓመቱ ሪፖርት ላይ ይወጣል። መጀመሪያ ሰሞን ብዙዎችን አናደደ። አሁን ግን «ከጣሪያው እንውሰድ» የሚል ሐሳብ ገና ሳይነገር ይሞታል፤ ምክንያቱን ጽፎ ስሙን ማስፈር ማን ይፈልጋል?

ሐዋርያው ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም ድሆች የተሰበሰበውን ገንዘብ ሲያስልክ የሄደበት መንገድ እዚህ ላይ ይጠቅማል። በ1ኛ ቆሮንቶስ 16 ገንዘቡን የሚያደርሱትን ሰዎች ራሳቸው ቆሮንቶሳውያኑ እንዲመርጡ ይነግራቸዋል። በ2ኛ ቆሮንቶስ 8 ደግሞ በጌታ ፊት ብቻ ሳይሆን በሰው ፊትም መልካም የሆነውን እንደሚያስብ ይጽፋል። እንዲያ የሚጽፈው ያው በምዕራፍ 9 እግዚአብሔር ጸጋን ሁሉ ሊያበዛ እንደሚችል የሚመሰክረው ሰው ነው። ሁለቱ አንድ ደብዳቤ ውስጥ ናቸው።

በእምነት ስለ መኖር ሲወራ ስሙ የሚነሣው፣ በእንግሊዝ አገር ያገለገለው ጆርጅ ሙለርም መዝገብ የሚጠላ ሰው አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1830 በቴይንማውዝ ሲያገለግል የተቆረጠለትን ደመወዝ ተወ፤ ምእመናን በጸሎት ቤቱ ለሚቀመጡበት ቦታ የሚከፍሉትን ኪራይም አስቀረ፤ ለእርሱ መስጠት የሚወድ እንዲጥልበት ጸሎት ቤቱ ውስጥ ሣጥን ተደረገ። በ1836 ብሪስቶል ላይ የወላጅ አልባ ሕፃናት ቤት ከፈተ፤ እስኪሞት ድረስ በእነዚያ ቤቶች ከ10,000 በላይ ልጆች አድገዋል። ሰው እንዲሰጠው አልለመነም፣ ሥራውን ለማስፋት ዕዳ አልገባም፤ ሒሳቡን ግን በዝርዝር እያሳተመ ያወጣ ነበር። ከዚህ ሁሉ ውስጥ እኛ ስንጠቅሰው የምንዘላት አንዲት ነገር አለች። ሙለር የተወው ደመወዝ የራሱ ነው። ተነሥቶ የሌላውን ሰው ደመወዝ በእምነት አልተወም።

ይህን ያነሣሁት ስለ ትንበያው ገጽ ለመናገር ነው። ገጹ ያለፉትን ዓመታት ስጦታ አይቶ የሚመጡትን ወራት በመስመር ይሥላል፤ ከወጪ በታች የወረደውን ወር ቀይ ያደርገዋል። በአንድ ደካማ ወቅት ሊደርስ ያለውን ወር ቀይ አሳየን። የስብሰባው መንፈስ ወዲያው ተለወጠ። አንዱ በሚቀጥለው እሁድ ስለ መስጠት እንዲሰበክ አሳሰበ። ሌላው «መጋቢው ይታገሡናል፣ እግዚአብሔር ያውቃል» አለ። ልብ በሉ፣ በክፍሉ የተቀመጥነው ሁላችን ደመወዛችን ከሌላ ቦታ በወቅቱ የሚገባልን ነን። በእኛ ውሳኔ በእግዚአብሔር እንዲታመን የተፈረደበት ሰው መጋቢው ነው፤ ከነልጆቹ። ያዕቆብ የተያዘ ደመወዝ እንደሚጮኽ ሲጽፍ ስለ ባለጠጎች እርሻ ነው የሚናገረው፤ እኛ እርሻ የለንም ብለን የምናልፈው አይመስለኝም።

ያን ቀን የረዳን ትንበያው ራሱ ነው ማለት አለብኝ። ቀዩ ወር ገና አልደረሰም፤ ጊዜ ነበረን። አንድ ዝምተኛ ሽማግሌ «እንግዲያው የሚዘገየው የእኛ ዕቅድ ይሁን» አሉ። ሁላችን በጉጉት የጠበቅነው የድምፅ መሣሪያ ግዢ ከዕቅዱ ወጣ፤ የመጋቢው ደመወዝ ከማናቸውም ወጪ በፊት እንዲከፈል ተወሰነ፤ ከዚያ ተንበርክከን ጸለይን። ደመወዙ አልዘገየም። በዚያው ሰሞን ፕሮግራሙ «የቦዘነ» ብሎ የመደበው፣ ከአጥቢያችን ከሄደ የቆየ ሰው ስጦታ ላከ። መስመሩ ይህን ሊያውቅ አይችልም ነበር። ጉድለቱ ግን ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም፤ የድምፅ መሣሪያውም ይኸው እስካሁን አልተገዛም፤ ማይክራፎኑ ያፏጫል።

ስለዚህ ትንበያውን እንዴት ነው የማነበው? ያለፈውን ያባዛል፤ ከዚያ ያለፈ እውቀት የለውም። በዘፀአት 36 ሕዝቡ ለመገናኛው ድንኳን ከሚያስፈልገው በላይ አምጥቶ ሙሴ «ከእንግዲህ ማንም አያምጣ» ብሎ በሰፈሩ አሳወጀ። የትኛው ትንበያ ነው ያንን የሚሥለው? በሌላ በኩል ዮሴፍ በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት ከምርቱ አንድ አምስተኛውን እንዲያከማቹ መክሯል፤ ያ ክምችት ሕዝብ አትርፏል። መና ግን ለነገ ሲያስቀምጡት ተላ። የሁለቱም ባለቤት አንድ አምላክ ነው። ፕሮግራሙ «የስንት ወር መጠባበቂያ ትፈልጋላችሁ?» ብሎ ይጠይቅና ቁጥር ካልሞላችሁ አያሳልፋችሁም። እኛ ለቀጠርነው ሰው ቃል የገባነውን ክፍያ የሚሸፍን ያህል ሞላን፤ ለሕንፃ፣ ለጉባኤ፣ ለመሣሪያ ምንም አልያዝንም። ለእነዚያ መናውን እንጠብቃለን። ሁሉም ሰው አልተስማማም፤ አንድ ወንድማችን አሁንም መጠባበቂያ የሚለውን ነገር ሲሰሙ ፊታቸው ይጠቁራል።

ወደ ሰው እንለፍ። ብዙ ጊዜ ስለ ገንዘብ ስንጨነቅ የሚጎድለን ሰው ነው። የአገልጋዮች ተራ ማውጫው ሲያዩት ደስ ይላል፦ አንድ ቁልፍ ትነካላችሁ፣ የወሩ ተራ በሙሉ ይሞላል። አሞላሉን ግን መረመርኩት። ፕሮግራሙ አስቀድሞ የሚመርጠው ሲጠየቅ ቶሎ «እሺ» የሚለውን ነው። ውጤቱ የታወቀ ነው፤ እሺ የሚሉት ጥቂቶች በየሳምንቱ ይወጣሉ፣ ዝም የሚሉት በዝምታቸው ይከበራሉ። የሕፃናት ክፍል የምታስተምር አንዲት እህት ስብከት ከሰማች ስንት ጊዜዋ እንደሆነ እርሷም አታስታውስም። ወረቀቱ ላይ ግን አንድም ባዶ ቦታ የለም፤ ሙሉ ነው። «እግዚአብሔር አገልጋይ ሰጥቶናል» ብለን ሪፖርት እናደርጋለን።

አንድ ሰው በወር ከዚህ በላይ አይመደብ የሚል ገደብ አለ፤ ማስተካከያዎቹ ውስጥ ጥልቅ ቦታ ተቀብሯል። ፈልጋችሁ አውጡት። ገደቡን ያስገባን ዕለት ወረቀቱ በባዶ ቦታ ተሞላ፤ መጋቢያችን ደነገጡ። እኔ ግን የመጀመሪያው እውነተኛ ወረቀታችን እርሱ ይመስለኛል። ጌታ በማቴዎስ 9 መከሩ ብዙ ሠራተኞቹ ጥቂቶች መሆናቸውን አይቶ ያዘዘው ጥቂቶቹን እንዲያጣድፏቸው አይደለም፤ የመከሩን ጌታ እንዲለምኑ ነው። ጉድለቱ ተሸፍኖ ሳለ ማን ይለምናል? በቻይና ያገለገለው እንግሊዛዊ ሚስዮናዊ ሃድሰን ቴይለር እ.ኤ.አ. በ1865 እንግሊዝ ውስጥ ብራይተን ላይ ሲጸልይ የጠየቀው በቁጥር ነው፤ ሚስዮናዊ ላልደረሰባቸው 11 የቻይና አውራጃዎችና ለሞንጎሊያ ሁለት ሁለት ሰው፣ 24 ሰዎች። የጎደለውን ቆጥሮ ነው የለመነው። በ1887 እርሱ የመሠረተው ሚሽን ለአንድ ዓመት 100 ሰው ለመነ፤ 102 ሄዱ።

እኛ ጋ እንዲህ ያለ የሚያስጨበጭብ ነገር አልሆነም። ሁለት የሕፃናት ክፍሎች ተጣመሩ፤ ባዶዎቹ ቦታዎች እሁድ በጉባኤ ፊት በስማቸው እየተጠሩ ተጸለየባቸው። ቆይቶ ከኋላ ወንበር የሚቀመጡ አንድ ጡረተኛ መምህር መጡ፤ ማንም ጠይቋቸው አያውቅም። ፕሮግራሙ ውስጥ «ጎብኚ» በሚለው ሥር ተመዝግበው ነበር። አንደኛው ክፍል በእርሳቸው ተከፈተ፤ ሌላኛው ገና እንደተጣመረ ነው። ያቺ እህት ግን ስብከት ትሰማለች።

አሁን የማልወደው ገጽ። ስሙ «የሰጪዎች ደረጃ» ነው። ምእመናንን በሰጡት መጠን ይደረድራል፣ «እያደገ ያለ»፣ «እየቀነሰ ያለ»፣ «የቦዘነ» እያለ ይፈርጃል፤ ከፈቀዳችሁለትም ሰው ስጦታ ያቋረጠ ሲመስለው አስታዋሽ መልእክት በራሱ ይልካል። ሲገዛ ክፍት ሆኖ ነው የሚመጣው። በማርቆስ 12 ጌታ በመባው ሣጥን ፊት ለፊት ተቀምጦ ያያት መበለት ሁለት ሳንቲሞች ጣለች፤ ያላትን ሁሉ፣ መተዳደሪያዋን ሁሉ። በዚህ ገጽ ላይ ስሟ ከዝርዝሩ ግርጌ ነው። ያላትን ሁሉ ስለሰጠች ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት የምትጥለው አይኖራትም፤ «የቦዘነ» ትባላለች፣ አስታዋሹ መልእክት ይደርሳታል። ይህን ለሽማግሌዎቹ ስናገር ሳቁ፤ ከዚያ ገጹ በሙሉ ድምፅ ተዘጋ። በዚህ አጥቢያ በሙሉ ድምፅ ያለቀ ሌላ ነገር ትዝ አይለኝም።

ገጹን የሚደግፉ መጋቢዎች ክርክር እንዳላቸው አውቃለሁ፤ ከንቱም አይደለም። አዘውትሮ የሚሰጥ ቤተሰብ ድንገት ካቆመ ሥራ አጥቶ ወይም ታምሞ ሊሆን ይችላል፤ እረኛ ይህን ማወቅ አለበት ይላሉ። ልክ ነው፣ ማወቅ አለበት። ግን መቅረቱን ከመቀመጫው ይወቅ። የመገኘት መዝገቡ ይህንኑ ያሳያል፤ ለጥየቃ ቡድኑ የምንሰጠው እርሱን ነው። ከገንዘቡ ተነሥቶ የተጎበኘ ሰው ለምን እንደተጎበኘ ይገባዋል። የየግለሰቡን ስጦታ ማየት የሚችሉት እኔና ሌላዋ ቆጣሪ ብቻ ነን፤ መጋቢያችን ራሳቸው እንዳያዩ ጠይቀው ፈቃዳቸውን አስነሥተዋል። ማን ምን እንደሰጠ ሳያውቁ መስበክ ይቀላል አሉኝ። ሙለር በ1841 መገባደጃ እጁ ባጠረበት ሰሞን የዓመቱን ሪፖርትና ስብሰባ አዘግይቶ ነበር፤ ችግሩን ማውጣት ራሱ ልመና እንዳይሆንበት። እኛ እዚያ አልደረስንም፤ ሪፖርት በወቅቱ እናወጣለን። ያንን የሚያስታውስ ሰው ግን በራሱ የሚሄድ አስታዋሽ መልእክት መፍቀድ ይከብደዋል።

የቀረውን በአጭሩ፦ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ምዝገባው ይቆማል፤ የእሁዱን ቆጠራ መጀመሪያ በወረቀት ያዙ። መረጃውን ሁሉ ወደ ኤክሴል አውጥቶ ማስቀመጥ ይቻላል፤ በየወሩ አድርጉት። የባንክ ሒሳብ ማስታረቂያው ደህና ነው። የድጋፍ ሰጪዎቹ መልስ ይዘገያል፤ ሲመጣ ግን ትሕትና አለው።

ለምዝገባውና ስጦታን በየዓላማው ለሚከፋፍለው ክፍል ከአምስት አምስት ኮከብ እሰጣለሁ፤ ለትንበያው ሦስት፣ ለተራ ማውጫው ገደቡን ላገኘ ሰው አራት ላላገኘ አንድ፣ ለሰጪዎች ደረጃ ምንም። ቋሚ ደመወዝተኛ ለሌላት፣ ገንዘቧም ሁሉ ለአንድ ዓላማ ለሚውል ትንሽ አጥቢያ ደብተርና ሁለት ቆጣሪዎች ይበቃሉ፤ አትግዙት። መጋቢ ለቀጠረች፣ ለልዩ ልዩ ዓላማ ስጦታ ለምትቀበል አጥቢያ ግን እመክራለሁ። ለሠሪዎቹ ሁለት ነገር ጽፌላቸዋለሁ፦ የአገልጋይ ገደቡን ወደ መጀመሪያው ገጽ አምጡት፣ የሰጪዎች ደረጃ ደግሞ ተዘግቶ ይምጣ፣ የፈለገ ይክፈተው። የመጀመሪያውን በሚቀጥለው እትም እናየዋለን ብለዋል። ስለ ሁለተኛው አልመለሱም።